የጉናጋዶ ድምፅ ስንት ይመዝናል?

ለኅብረተሰብ ትምህርት ሠልጣኞች የተዘጋጀ



ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ከጅጅጋ በደጋሃቡር በኩል ወደ ጉናጋዶ ከወረድነው ሠልጣኞች መካከል ጥቂቶቻችን ያልመለስነውን አንድ ጥያቄ ይዘን ተመልሰናል። ጉናጋዶ በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የሚነሣው በጦርነት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደቡብ የገፋውን የጣሊያን ጦር ለመግታት ወታደሮቻችን ምሽግ ከያዙባቸው የኦጋዴን ቦታዎች አንዷ እርሷ ነበረች። እኛን የገጠመን ነገር ግን ስለ ጦርነት አልነበረም። ስለ ምርጫ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ በርካ ሄድን። በርካ ማለት የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ እዚያ አካባቢ የሰውም የከብትም ሕይወት በእርሱ ላይ የቆመ ነው። አንድ አዛውንት ግመሎቻቸውን እያጠጡ፣ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። በአካባቢው ወግ «አዴር» ብለን ሰላምታ አቀረብንላቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞር ብለው፦

«እናንተ መምህራን ናችሁ አሉ። እስቲ ንገሩኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ የምሰጠው ድምፅና አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚሰጠው ድምፅ እኩል ነው ወይ?» አሉን።

ከመካከላችን አንዱ ቸኮል ብሎ፣ «አዎን አዴር፣ እኩል ነው፤ ሕገ መንግሥቱ እንደዚያ ይላል» ሲል መለሰ።

አዛውንቱ ፈገግ አሉና፣ «ሕጉንስ ራዲዮው ነግሮኛል፤ እኔ የጠየቅሁት ሚዛኑን ነው። ግመሎቼን ማታ ማታ የምቆጥረው ለምን ይመስላችኋል? ያልተቆጠረ ቢጠፋም አይታወቅም» አሉን።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ስናጠና ከረምን። ያገኘነውንም በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን። ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንበተን ይኸው ጥያቄ እያንዳንዳችንን መጠበቁ አይቀርምና።

፩. ወንበሩ እንዴት ይገኛል?

በመጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። በክፍል ውስጥ ተማሪን የሚያደናግረው «ክልል» የሚለው ቃል ነው። የሶማሌ ክልል ስንል ራሱን የሚያስተዳድረውን ክልላዊ መንግሥት ማለታችን ነው። የምርጫ ክልል ስንል ግን አንድ የሕዝብ ተወካይ የሚመረጥበትን አካባቢ ማለታችን ነው። በአንድ ክልላዊ መንግሥት ውስጥ ብዙ የምርጫ ክልሎች አሉ። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ውስጥም ብዙ የምርጫ ጣቢያዎች ይኖራሉ። መራጩ የሚመዘገበውም ድምፁን የሚሰጠውም በጣቢያው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ይወስናል። ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የተጠበቀ ነው። በሥራ ላይ ያለው የወንበር ብዛት 547 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የሶማሌ ክልል ድርሻ 23 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። አሸናፊውም የሚለየው በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ይኸውም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታው አይደለም። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች ተወዳድረው አንዱ 4,000፣ ሁለተኛው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 ድምፅ ቢያገኙ፣ 4,000 ያገኘው ወንበሩን ይወስዳል። የቀሩት 6,000 መራጮች በዚያ ወንበር ላይ የመረጡት ሰው አይኖራቸውም።

ይህ ሥርዓት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንትና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ እንዲመርጥ ተደነገገ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተካሄደ። በዚያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት መምህርት ስንዱ ገብሩ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ለመሆን በቁ፤ ከመምህርነት ሙያ የተነሡ መሆናቸውን እኛ የሙያ ልጆቻቸው ልንዘነጋው አይገባም። ያን ጊዜ ጅጅጋም ደጋሃቡርም በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪውም የመሬት ወይም የሚንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ነበረበት። ከዚያም ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። የአሁኑ ሥርዓት የመጀመሪያ አገር አቀፍ ምርጫ ደግሞ የተካሄደው በ1987 ዓ.ም. ነው።

፪. ሒሳቡን አብረን እንሥራ

አሁን ወደ አዴር ሚዛን እንምጣ። የያዝነው መሣሪያ ማካፈል ብቻ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። የአንድን ክልል የሕዝብ ብዛት ለወንበሩ ብዛት ስናካፍል አንድ ተወካይ በአማካይ ስንት ሰው እንደሚወክል እናገኛለን። የተጠቀምነው ሦስተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ይህ ቆጠራ በአብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000 ዓ.ም. የተካሄደ ነው።

ሶማሌ ክልል፦ ሕዝብ 4,445,219፤ ወንበር 23፤ ለአንድ ወንበር ወደ 193,000 ሰው።

አፋር ክልል፦ ሕዝብ 1,390,273፤ ወንበር 8፤ ለአንድ ወንበር ወደ 174,000 ሰው።

አዲስ አበባ፦ ሕዝብ 2,739,551፤ ወንበር 23፤ ለአንድ ወንበር ወደ 119,000 ሰው።

ጋምቤላ ክልል፦ ሕዝብ 307,096፤ ወንበር 3፤ ለአንድ ወንበር ወደ 102,000 ሰው።

ሐረሪ ክልል፦ ሕዝብ 183,415፤ ወንበር 2፤ ለአንድ ወንበር ወደ 92,000 ሰው።

መላው አገር፦ ሕዝብ ከ73.7 ሚሊዮን በላይ፤ ወንበር 547፤ ለአንድ ወንበር ወደ 135,000 ሰው።

እስቲ ሁለቱን 23ቶች ጎን ለጎን እንያቸው። አዲስ አበባና ሶማሌ ክልል እኩል 23 ወንበር አላቸው፤ የሕዝባቸው ብዛት ግን እኩል አይደለም። በዚህ ቆጠራ መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ 6 ሰዎች ያላቸውን ያህል ክብደት ለማግኘት እኛ ዘንድ ወደ 10 የሚጠጉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ወንበሩ በመላው አገር በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢከፋፈል ኖሮ ለሶማሌ ክልል ወደ 33 ይደርሰው ነበር። ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቁትን 20 ወንበሮች በመጀመሪያ ቀንሰን ብናሰላው እንኳ ወደ 32 ይሆናል። ከ23 ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባናል። አንደኛ፣ ይህ አማካይ ነው፤ በአንዱ ክልል ውስጥም ቢሆን አንዱ የምርጫ ክልል ከሌላው የሰፋ ወይም የጠበበ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የቆጠርነው ሕዝብን ነው፤ ሕፃናቱም አሉበት። ሦስተኛ፣ የሐረሪና የጋምቤላ ቁጥር ዝቅ ያለው በስሕተት ነው ብለን መደምደም የለብንም፤ ሕገ መንግሥቱ ቁጥራቸው ያነሰ ሕዝቦች ድምፃቸው እንዳይዋጥ ሆን ብሎ ያደረገው ጥበቃ አለ። አራተኛ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ በዚህ ጥፋት የለበትም፤ ከማንም ነጥቆ አልወሰደም።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? መልሱ አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ይገኛል። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በቆጠራው ውጤትና የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ መሠረት ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን አከላለል እንዲወስን ያዛል። ስለዚህ ወንበር የሚከተለው ቆጠራን ነው። ቆጠራ ሲቆም ወንበርም ባለበት ይቆማል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በአራተኛው መተካት ነበረበት፤ ነገር ግን ተላለፈ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በምክር ቤቶቹ የጋራ ስብሰባ እንደገና ተራዘመ። በ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫም የወንበሩ ቁጥር 547፣ የሶማሌ ክልልም ድርሻ 23 እንደሆነ ቀረበ። በ1992ቱ ምርጫም 23 ነበር።

አዴር «ያልተቆጠረ ቢጠፋም አይታወቅም» ያሉት ስለ ግመል ነበር። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ የአንቀጽ 103 ማብራሪያ እስካሁን አላገኘንም።

በሌላ በኩል ሚዛኑን በጥቂቱ የሚያካክስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በዚያ ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። ይህም ቢሆን ተመልሶ ቆጠራን የሚጠይቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

፫. ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል?

«ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። እስቲ ወደ አሜሪካ ሄደን ሞንታና የምትባለውን ግዛት እንይ። ሞንታና ሰፊ፣ ሕዝቧ የሳሳ፣ የከብት እርባታ የበዛባት የገጠር ግዛት ናት። የአሜሪካ ኮንግረስ ሁለት ምክር ቤት አለው። በሰኔቱ እያንዳንዱ ግዛት፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ሁለት ሁለት ወንበር አለው። በተወካዮች ምክር ቤት ግን 435ቱ ወንበሮች በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላሉ፤ ማንኛውም ግዛት ከአንድ አያንስም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የተደረገው ቆጠራ ከሞንታና ሁለት ወንበሮች አንዱን ወሰደባት። ግዛቲቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ተከራከረች፤ አልረታችም። በ2010 በተደረገው ቆጠራ 989,415 ሕዝብ ይዛ በአንድ ተወካይ ብቻ ስትወከል፣ 1,052,567 ሕዝብ የነበራት ሮድ አይላንድ ሁለት ተወካይ ነበራት። ይህም ማለት የአንዱ የሮድ አይላንድ ሰው ድምፅ የሞንታናውን ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በ2020 ግን እንደገና ተቆጠረ። የሞንታና ሕዝብ 1,084,225 ሆኖ ተገኘ፣ ሁለተኛው ወንበርም ተመለሰላት። በ2022 ኅዳር ወር ሁለት ተወካዮች መረጠች።

ከዚህ የምንማረው የአሜሪካ ሚዛን እንከን የለሽ መሆኑን አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራልና። የምንማረው ቆጠራው ቀኑን ጠብቆ መካሄዱ ያዘነበለውን ሚዛን ለማቃናት ዕድል እንደሚሰጥ ነው። ሞንታና ሠላሳ ዓመት ጠበቀች፤ በመካከል ሦስት ጊዜ ተቆጥራለች፣ በሦስተኛው ተሳካላት። ያልተቆጠረ ሕዝብ ግን በምን አቤት ይላል? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው፣ የሕዝብ አነጋገር የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው።

፬. ቀኑም ይመዝናል

የድምፅን ክብደት የሚወስነው የወንበር ቁጥር ብቻ አይደለም። ድምፁ የተሰጠበትም ቀን ይመዝናል። ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. የተካሄዱትን ስድስት አጠቃላይ ምርጫዎች እንመልከት።

በ1987 ዓ.ም. አብዛኛው አገር በሚያዝያ መጨረሻ ሲመርጥ ሶማሌ ክልል በሰኔ መረጠ። በ1992 ዓ.ም. አብዛኛው አገር ግንቦት 6፣ ሶማሌ ክልል ነሐሴ 25 መረጠ። በ1997 ዓ.ም. አብዛኛው አገር ግንቦት 7፣ ሶማሌ ክልል ነሐሴ 15 መረጠ። በ2002 ግንቦት 15 እና በ2007 ግንቦት 16 ሁሉም በአንድ ቀን መረጠ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኛው አገር ሰኔ 14 ሲመርጥ፣ በሶማሌ ክልል በመራጮች ምዝገባ ላይ በቀረቡ አቤቱታዎችና በድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመት ችግር ምክንያት ምርጫው ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተላለፈ። ስለዚህ ከስድስት ምርጫዎች በአራቱ የእኛ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ቢዘገይስ ምን አለበት? ድምፁ ተሰጥቶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ከ547 ወንበር አብላጫው 274 ነው። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሳወቀው ውጤት ብልጽግና ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አግኝቷል። የሶማሌ ክልል መራጭ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ድምፁን ሲሰጥ፣ 23ቱም ወንበሮች ለማንም ቢሄዱ መንግሥት የሚመሠርተው ማን እንደሆነ ታውቆ ያደረ ጉዳይ ነበር። ከምርጫው አስቀድሞ ኦብነግ ከውድድሩ ወጥቷል። ምርጫው በተካሄደ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 24፣ አዲሱ መንግሥት ተመሠረተ።

ይህን ስንል የተሰጠው ድምፅ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያው ቀን መራጩ ለክልሉ ምክር ቤትም ድምፅ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የውኃውን ጉዳይ በቅርብ የሚይዘውን የክልል መንግሥት የሚያቆመው ያ ምክር ቤት ነው። ተወካዩም አዲስ አበባ ሲገባ የአካባቢውን ችግር የማስረዳት ሥራ አለበት። ሆኖም ሁሉ ከተበላ በኋላ ማዕድ የቀረበ ሰው ድርሻውን ቢያገኝ እንኳ፣ ምን ይሠራ ሲባል አልነበረም። የቀን እኩልነት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

፭. ጣቢያውና ውኃው

ሦስተኛው ክብደት ርቀት ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ መሠረት መራጭ ለመሆን ዕድሜ 18 ዓመት መድረስና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። የተመዘገበውም ሰው ድምፁን የሚሰጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ነው። ይህ ለከተማ ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ተሰልፎ፣ መርጦ፣ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል።

የአርብቶ አደሩ ነገር ግን ሌላ ነው። በእኛ አካባቢ ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ድረስ ዋናው ዝናብ፣ «ጉ» ነው። ቀጥሎ «ሐጋ»፣ ደረቁና ነፋሻው ወቅት ይመጣል። ከዚያ አጭሩ ዝናብ «ደይር»፣ በመጨረሻም ረጅሙ በጋ «ጂላል» ይከተላል። ጉ ሲጥል ሣር ወደ በቀለበት፣ ኩሬ ወደ ተሞላበት ሜዳ ሰው ይበተናል። ጂላል ሲከር ደግሞ ወደ በርካውና ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል። እንግዲህ ምዝገባው በበጋ በርካ ዳር ቢካሄድና ድምፅ መስጫው ቀን በጉ መካከል ቢውል፣ በአንዱ ቦታ የተመዘገበ ሰው በምርጫው ዕለት የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ድምፅ ለመስጠት ሲል ከብቱን ማን ላይ ይጣል?

ሞንታና ያለው ከብት አርቢ ድምፁን በፖስታ መላክ ይፈቀድለታል። የእኛው አርብቶ አደር የፖስታ ሣጥን ቁጥር የለውም። ስለዚህ ለእርሱ የሚያዋጣው ጣቢያው ወደ ውኃው እንዲጠጋለትና የምዝገባውና የድምፅ መስጫው ጊዜ ከወቅቱ ጋር እንዲስማማ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው ካርታ ላይ የሚሠራ ሰው አይደለም። ማን የት እንደሚሰፍር፣ በየትኛው ወር የትኛው ቀበሌ ባዶ እንደሚቀር የሚያውቁት የአገር ሽማግሎችና እዚያው የሚኖረው መምህር ናቸው።

፮. የመምህሩ ድርሻ

ከዚህ በላይ ያየናቸው ሦስት ነገሮች፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ርቀቱ፣ ሁሉም ከምርጫው ዕለት በፊት የሚያልቁ ናቸው። ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ተወስኖ አልቋል። ቀኑን እኛ አንወስነውም፣ ወንበርንም አንጨምርም። ግን በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት፣ መንደር ለመንደር የሚሄደው ብዙውን ጊዜ መምህር ነው። ምርጫ ሲመጣም መዝገብ ይዞ ጣቢያ ላይ የሚቀመጠው መምህር ሲሆን አይተናል። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች ከወዲሁ ይዘን እንውጣ እንላለን።

አንደኛ፣ በቆጠራ ጊዜ ከመንገድ የራቀውን አንዝለል። ፀሐይ በረታ፣ መኪና የለም ብለን አንድ ሰፈር «በግምት» ብንሞላ፣ ያ ግምት ለዓመታት ይቆያል፤ የትምህርት ቤት ወንበርም፣ የምክር ቤት ወንበርም በእርሱ ይታደላል።

ሁለተኛ፣ በምዝገባ ጊዜ ስም አጣርተን እንጻፍ። የአንድ ሰው ስም መዝገቡ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ካርዱ ላይ በሌላ ዓይነት ከተጻፈ በምርጫው ዕለት ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ከሩቅ የመጣችው እናትም ሳትመርጥ ትመለሳለች። ዕድሜው ያልደረሰውን አለመመዝገብ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ አለመመዝገብም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍል ውስጥ ምርጫን በተግባር እናስተምር። የክፍል አለቃ ስንመርጥ እጅ ማስወጣቱን ትተን፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት እንስጠው፤ ለአንዱ ግመል፣ ለሌላው ዛፍ፣ ለሦስተኛው ማሰሮ። ተማሪዎች ተራ በተራ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው በመረጡት ምልክት ላይ ምልክት ያድርጉ። ቆጠራውም በሁሉም ፊት ይሁን፤ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ይነግራል። ማንበብ የማይችል ሰው በምልክትና በጣት አሻራ መምረጥ እንደሚችል ለወላጁ የሚያስረዳው ያ ልጅ ነው።

አራተኛ፣ የምሥጢርን ነገር እናስተምር። በእኛ አካባቢ ሽማግሌ ይከበራል፤ ሲመክርም ይደመጣል፤ ይህ ጥሩ ባህል ነው። ነገር ግን የሽማግሎች ምክር ከመጋረጃው በመለስ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሚስትም፣ ልጅም፣ እረኛም ብቻቸውን ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ ራሱም ቢሆን ሽማግሌ ለመሆን እንዳይሞክር አደራ እንላለን። እንዴት እንደሚመረጥ ማስተማር ሥራችን ነው፤ ማን እንደሚመረጥ መንገር ግን ሥራችን አይደለም። አንድ ጊዜ ወገን ከያዝን፣ ነገ የምንይዘውን መዝገብ ማን ያምነዋል?

፯. ለአዴር የምንሰጠው መልስ

በሚቀጥለው ዙር ልምምድ ወደ ጉናጋዶ የሚወርዱ ጓደኞቻችን አሉ። አዛውንቱን በርካው ዳር ካገኟቸው ይህን መልስ እንዲያደርሱልን ተስማምተናል፦

«አዴር፣ ያን ዕለት ቸኩለን ነው የመለስንልዎ። በሕጉ ድምፅዎ እኩል ነው። በሚዛኑ ግን በመጨረሻው ቆጠራ ስናየው ጎደል ያለ ነው። ሕጉ ጉድለቱ የሚሞላበትን መንገድ አስቀምጧል፤ መንገዱም መቆጠር ነው። እርስዎ ግመሎችዎን እንደሚቆጥሩት፣ አንድም ሳይቀር። ለመቁጠር ከሚመጡት መካከል እኛ ልንኖር እንችላለን። ከመጣን ደግሞ በርካው ድረስ እንመጣለን።»

አዛውንቱ በዚህ ይረኩ አይረኩ እንጃ። ምናልባት ሌላ ጥያቄ ይጨምሩልን ይሆናል፤ ያንንም ተቀብለን በዚህ ግድግዳ ላይ እናወጣዋለን።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወንበሩ በመላው አገር ለአንድ ተወካይ 135,000 ሰው ሆኖ ቢከፋፈል፣ ለአፋር ክልል ስንት ወንበር ይደርሰው ነበር? ዛሬ ካለው 8 ወንበር ጋር አስተያዩ።

2. «የምርጫ ክልል» እና «ክልል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ፣ በአካባቢያችሁ ምሳሌ አስረዱ።

3. በምታውቁት አንድ ወረዳ ውስጥ ሰዎች በጉ፣ በሐጋ፣ በደይርና በጂላል የት የት እንደሚሰፍሩ ከሽማግሎች ጠይቃችሁ ንድፍ ካርታ ሥሩ። ሁለት የምርጫ ጣቢያ ብቻ እንድትመርጡ ብትጠየቁ የት የት ታደርጋላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።

4. ቁጥራቸው ላነሰ ሕዝቦች ወንበር መጠበቅና የሁሉንም ድምፅ እኩል ማድረግ አንዳንዴ ይጋጫሉ። ሁለቱን እንዴት ታስታርቃላችሁ? በቡድን ተከፍላችሁ ተወያዩ።

መልሳችሁን ለኅብረተሰብ ትምህርት ክበብ አቅርቡ፤ የተሻሉት በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይወጣሉ።